ኤ ኤንድ ፒ፣ ፓርት 66 ወይስ የአገር ላይሰንስ? የአውሮፕላን ጥገና ላይሰንስ አመራረጥ

"የቱ ላይሰንስ ይሻላል?" የሚለውን ጥያቄ የጥገና ትምህርት የጀመረ ሁሉ ይጠይቃል፣ ሃንጋር ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት የሠራም ይጠይቃል፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ "ኢያሳ ያዝ" ወይ "ኤ ኤንድ ፒ ቶሎ ያልቃል" ተብሎ ባንድ መስመር ያልቃል (ኢያሳ የአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ባለሥልጣን ነው፣ የእሱ ላይሰንስ ፓርት 66 ይባላል፤ ኤ ኤንድ ፒ ደግሞ የአሜሪካው ነው)። እንዲህ ያለውን መልስ ይዘው ገንዘብም ዓመታትም ካወጡ በኋላ የያዙት ወረቀት በሚሠሩበት አውሮፕላን ላይ የማያስፈርም ሆኖ ያገኙት ሰዎች አሉ፣ በጣም የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው ምክንያቱም ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ የሚቀር ኪሳራ ነው።

ጥያቄው፦ ልፈርምበት ያሰብኩት አውሮፕላን የት አገር ነው የተመዘገበው?

የአውሮፕላኑ ጎን ላይ ያለውን ፊደል እዩ። በኤን የሚጀምር አሜሪካ የተመዘገበ ነው፣ በጂ የሚጀምር እንግሊዝ፣ በዲ ጀርመን፣ በኢ አይ አየርላንድ፣ በቪ ቲ ህንድ። ከጥገና በኋላ "ይሄ አውሮፕላን መብረር ይችላል" ብሎ የሚፈርም ሰው ምን መያዝ እንዳለበት የሚወስነው የመዘገበው አገር ነው እንጂ አውሮፕላኑ የቆመበት አገር ወይም የፈራሚው ፓስፖርት አይደለም። ሊዝ (ኪራይ) ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይጠላለፋል፣ ምክንያቱም የቺካጎ ኮንቬንሽን፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ አንቀጽ 83 ቢስ የሚባል አለው፣ ከ1997 ጀምሮ እየሠራ ያለ፣ የመዘገበው አገር የቁጥጥር ኃላፊነቱን በስምምነት አውሮፕላኑን ለሚያበርረው ድርጅት አገር ማስተላለፍ እንዲችል የሚፈቅድ። ስለዚህ የሊዝ አውሮፕላን ከሆነ ፊደሉን ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ፣ ኳሊቲ ክፍል ሄዳችሁ ስምምነቱ ምን እንደሚል ጠይቁ።

## በምን እንመዝን

የቀረውን የምመዝነው በስድስት ነገር ነው። አንደኛው ያልኩት ነው፣ የማን አውሮፕላን ላይ ያስፈርማል። ሁለተኛ ስንት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፣ ያንንስ ልምድ በምን ነው የማስረዳው። ሦስተኛ ፈተናው፣ ብዛቱ፣ ማለፊያው፣ በስንት ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ እንዳለበት። አራተኛ የሚሸፍነው ሥራ፣ ሜካኒካሉን ብቻ ነው ወይስ አቪዮኒክስንም (የአውሮፕላኑን ኤሌክትሮኒክስ)፣ ታይፕ ሬቲንግስ (ለአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ለብቻው የሚሰጥ ፈቃድ) ይጠይቃል ወይ። አምስተኛ ጊዜው ያልፋል ወይስ አያልፍም። ስድስተኛ ወጪው የት የት ላይ ነው የሚወጣው፤ የገንዘቡን መጠን አልጠቅስም ምክንያቱም ከቦታ ቦታ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት በጣም ይለያያል፣ ግን በየት በኩል እንደሚወጣ ማወቅ ይቻላል።

ወደ አማራጮቹ ሳልገባ ግን ስለ ፊርማው ክብደት አንድ ታሪክ መነገር አለበት፣ ምክንያቱም "ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው" ብቻ ብለው ለሚያወዳድሩ ሰዎች ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1990 ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ይበር የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቢ ኤ ሲ ዋን ኢለቨን፣ የበረራ ቁጥር 5390፣ አየር ላይ እያለ የካፒቴኑ የፊት መስታወት ተገንጥሎ ሄደ፤ ካፒቴኑ ከወገቡ በላይ ወደ ውጪ ተስቦ ወጣ፣ የካቢን ሠራተኞቹ እግሩን ይዘውት ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈ፣ ካፒቴኑም ተረፈ፣ የሞተ ሰው የለም። መስታወቱ የተቀየረው ከበረራው 27 ሰዓት በፊት ነበር። ከታሰሩት 90 ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው 0.66 ሚሊሜትር ገደማ የቀጠኑ ነበሩ፣ የቀሩት 6 ደግሞ ውፍረታቸው ልክ ሆኖ ቁመታቸው ያጠረ። ብሎኖቹን የመረጠው ሰው የፓርት ካታሎጉን አላየም፣ አሮጌውን ብሎን ይዞ ከአዲሱ ጋር በዓይኑ ነው ያመሳከረው። ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው ጀማሪ አልነበረም፣ ላይሰንስ ያለው የፈረቃው ኃላፊ ነበር፣ ሌሊት ሰው አጥሮት ራሱ ሠራው፣ ራሱ ፈረመ፣ ሥራውም የሁለተኛ ሰው ምርመራ ከሚጠየቅባቸው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እዚህ ዘርፍ ውስጥ ስለ ሂዩማን ፋክተርስ (ሰው በሥራ ላይ ለምን እንደሚሳሳት) ይሄ ሁሉ ትምህርትና ፈተና ያለው እንዲህ ካሉ አደጋዎች በኋላ ነው። ስለዚህ ላይሰንሶቹን ስታነጻጽሩ "ፈተናው ይከብዳል ወይ" ብቻ ሳይሆን ከፈተናው ሌላ ምን ነገር ያጣራሉ ብላችሁም እዩ።

## የአገር ላይሰንስ

በቅድሚያ አንድ ውዥንብር እናጥራ፦ "የአይካኦ ላይሰንስ" ብሎ አይካኦ (የተባበሩት መንግሥታት የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ራሱ የሚሰጠው ነገር የለም። አይካኦ ስለ ላይሰንስ በሚናገረው አኔክስ 1 ላይ ዝቅተኛውን መስፈርት ያስቀምጣል፣ ላይሰንሱን የሚሰጠው የየአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ነው። ዝቅተኛው መስፈርት ዕድሜ 18፣ የ4 ዓመት ልምድ፣ ወይም የታወቀ ትምህርት ቤት ኮርስ ላጠናቀቀ 2 ዓመት፣ ከዚያ የአየር ሕግ፣ የአውሮፕላን ምህንድስና፣ የጥገና አሠራርና የሰው ልጅ ብቃትና ውስንነት ዕውቀት ነው። አገሮች ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላሉ፣ ብዙዎቹም ይጠይቃሉ፤ ለምሳሌ ህንድ፣ አውስትራሊያና ሲንጋፖር በፓርት 66 ቅርጽ የራሳቸውን ላይሰንስ ይሰጣሉ፣ ካናዳ ደግሞ ኤም (ጠቅላላ ጥገና)፣ ኢ (አቪዮኒክስ) እና ኤስ (ስትራክቸር) ብላ በራሷ መንገድ ከፍላዋለች። ቅርጹ ስለተመሳሰለ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ይሠራል ማለት አይደለም፣ የሲንጋፖር ቢ 1 (ከታች የማብራራው የሜካኒካል ካቴጎሪ) ያለው ሰው አውሮፓ ሄዶ ቢ 1 ነኝ ብሎ አይፈርምም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቅርብ ነው፣ ወጪው ከሁሉም ይቀንሳል፣ አየር መንገዱ ብዙ ጊዜ ራሱ አሰልጥኖ ራሱ ይፈትናል። ድክመቱ ከአገር ስትወጡ ነው፦ የምትሄዱበት አገር ወይ እውቅና ይሰጠዋል ወይ የተወሰነ ፈተና ያስፈትናችኋል ወይ ከዜሮ ጀምሩ ይላል፣ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነውም ያ አገር ነው።

ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ይሄንን ሰምታችሁ ብቻ ብዙ ወጪ ልታድኑ ትችላላችሁ። የኢያሳ ፓርት 145 ፈቃድ ያለው ከአውሮፓ ውጪ ያለ የጥገና ድርጅት የግድ ፓርት 66 ያላቸውን ሰዎች ብቻ አይደለም የሚያስፈርመው። በፓርት 145 አባሪ 4 መሠረት የአገሩን ላይሰንስ የያዘ ሰው፣ የሂዩማን ፋክተርስና የአውሮፓን ደንብ ስልጠና ወስዶ፣ በአውሮፕላኑ ታይፕ ሰልጥኖ፣ ለላይን ሜንተናንስ (በበረራዎች መካከል ለሚሠራ ጥገና) 5 ዓመት ለቤዝ ሜንተናንስ (ሃንጋር ውስጥ ለሚሠራ ከባድ ጥገና) 8 ዓመት የጥገና ልምድ ካለው እዚያ ድርጅት ውስጥ የአውሮፓ ምዝገባ ያለውን አውሮፕላን መልቀቅ፣ ማለትም መብረር ይችላል ብሎ መፈረም ይችላል። አሜሪካም ብትሆን ከአገሯ ውጪ ባሉ የኤፍ ኤ ኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) ሪፔር ስቴሽኖች፣ ማለትም የጥገና ድርጅቶች ውስጥ ለሚፈርም ሰው ኤ ኤንድ ፒ ግዴታ አላደረገችም፣ የምትጠይቀው ስልጠና ወይም 18 ወር የተግባር ልምድና ደንቡን ጠንቅቆ ማወቅ ነው። ማለትም ባላችሁበት ድርጅት ለመቆየት ካሰባችሁ፣ ሌላ ላይሰንስ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ድርጅታችሁ ምን ምን ፈቃድ እንዳለው እወቁ፣ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ ነገር እጃችሁ ላይ ነው። ይሄ ፈቃድ ግን የድርጅቱ ነው፣ ስትለቁ አብሯችሁ አይመጣም።

## የአሜሪካው ኤ ኤንድ ፒ

ኤርፍሬም (የአውሮፕላኑ አካል) እና ፓወርፕላንት (ኢንጂኑ) የሚባሉ ሁለት ሬቲንጎች ናቸው፣ ሁለቱንም የያዘ ነው ኤ ኤንድ ፒ የሚባለው። ዕድሜ 18፣ እንግሊዝኛ ማንበብ መጻፍ መናገርና መረዳት፣ ከዚያ ልምድ፦ ለአንዱ ሬቲንግ 18 ወር፣ ለሁለቱም አንድ ላይ 30 ወር። ወይም የኤፍ ኤ ኤ ፓርት 147 (የጥገና ማሰልጠኛ ፈቃድ) ያለው ትምህርት ቤት መጨረስ። ድሮ ትምህርት ቤቱ 1,900 ሰዓት ማስተማር ነበረበት፣ ከ2022 ጀምሮ የሰዓት ቆጠራው ቀርቶ ተማሪው ምን ማድረግ ይችላል በሚለው ተተክቷል፤ አዲሱ የፈተና ደረጃ ውስጥም ሂዩማን ፋክተርስ ራሱን የቻለ ርዕስ ሆኖ ገብቷል።

ፈተናው 3 የጽሑፍ ነው፣ ጄኔራል 60 ጥያቄ፣ ኤርፍሬም 100፣ ፓወርፕላንት 100፣ ማለፊያ 70 ከመቶ። ከዚያ በኋላ የቃልና የተግባር ፈተና አለ፣ ፈታኙ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ሴፍቲ ዋየር (ብሎን እንዳይፈታ የሚታሰር ሽቦ) እሰር ሊል ይችላል፣ የብልሽት ምክንያት ፈልግ ሊል ይችላል፣ ማኑዋሉን አውጣና አሳየኝ ሊል ይችላል። ለእኔ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥንካሬ እሱ ነው፣ ጥያቄ በቃሉ ሸምድዶ የመጣ ሰው እጁ ላይ ይታወቃል። ሁሉም በ24 ወር ውስጥ መታለፍ አለበት።

ሰርተፊኬቱ ጊዜው አያልፍም። ለመጠቀም ግን ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ 6 ወር ሠርታችሁ መገኘት አለባችሁ። ታይፕ ሬቲንግ የሚባል ነገር የለውም፣ ይሄ ግን "ሁሉን አውሮፕላን እፈርማለሁ" ማለት አይደለም፦ ደንቡ ያንን ሥራ ከዚህ በፊት በአግባቡ ሠርተህ የማታውቅ ከሆነ መፈረም አትችልም ይላል፣ የኢንስትሩመንት ጥገናና የፕሮፔለር ከባድ ጥገናም ከሥልጣኑ ውጪ ናቸው። ራሱን የቻለ የአቪዮኒክስ ላይሰንስም የለም። 3 ዓመት ከያዛችሁ በኋላ፣ የመጨረሻዎቹን 2 ዓመት በሥራ ላይ ከነበራችሁ፣ አይ ኤ የሚባለው የኢንስፔክሽን ሥልጣን ይከፈትላችኋል፣ የትንንሽ አውሮፕላኖችን ዓመታዊ ምርመራ የሚፈርመው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማነቆ። አሜሪካዊ ያልሆነና እዚያ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጪ ሆኖ ኤ ኤንድ ፒ የሚሰጠው፣ አሜሪካ ለተመዘገበ አውሮፕላን ሥራ ወይም ጥገና የግድ አስፈላጊ መሆኑን ኤፍ ኤ ኤ ሲያምን ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ከአሠሪ ማስረጃ ሳይዙ ባሉበት አገር ሆነው ልፈተን ማለት አይሠራም፣ ያለው አማራጭ አሜሪካ ሄዶ መፈተን ነው፣ እዚያም ልምዱን በወረቀት አቅርቦ ፈቃድ ማግኘት ይቀድማል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ አድራሻቸው ከአሜሪካ ውጪ የሆነ ባለ ሰርተፊኬቶች እዚያ አገር ሆኖ ደብዳቤ የሚቀበልላቸው ወኪል መመዝገብ አለባቸው። ስለዚህ ዋናው ወጪ ከፈተናው ይልቅ ጉዞው፣ ቆይታውና የተግባር ፈታኙ ላይ ነው የሚሆነው።

## የአውሮፓው ፓርት 66

ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት። ላይሰንሱን የሚሰጠው ኢያሳ ራሱ አይደለም፣ የአባል አገሩ ባለሥልጣን ነው፣ አንዱ አገር የሰጠው ግን በሁሉም የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድ፣ በስዊዘርላንድና በሊክተንስታይን ይሠራል። በስፋት ሌሎቹ አይወዳደሩትም።

ካቴጎሪዎቹ ይደናገራሉ፣ ስለዚህ በሥራ እንያቸው። ኤ የያዘ ሰው ላይን ላይ ቀላል ቀላል ሥራ፣ ጎማ መቀየር አይነቱን፣ ራሱ የሠራውን ብቻ ይፈርማል፣ ሌላ ሰው የሠራውን መፈረም አይችልም። ቢ 1 ስትራክቸር፣ ኢንጂን፣ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል ሲስተሞችን ይፈርማል፣ አቪዮኒክስ ላይ ቀላል ሙከራ ብቻ የሚያስፈልገውን ዕቃ መቀየርንም ጨምሮ። ቢ 2 አቪዮኒክስና ኤሌክትሪካል ነው። ቢ 3 ከ2,000 ኪሎ የማይበልጡ ፕሬሸራይዝድ ያልሆኑ ፒስተን አውሮፕላኖች፣ ኤል ደግሞ ለግላይደርና ባሉን። ሲ ቤዝ ሜንተናንስ ላይ፣ ሄቪ ቼክ ሲያልቅ፣ ቢ 1 እና ቢ 2 ሰዎች የየድርሻቸውን ካረጋገጡ በኋላ መላውን አውሮፕላን የሚለቅቅ ነው። ቢ 1 እና ኤ ላይ የሚጨመሩት ቁጥሮች 1 ተርባይን አውሮፕላን፣ 2 ፒስተን አውሮፕላን፣ 3 ተርባይን ሄሊኮፕተር፣ 4 ፒስተን ሄሊኮፕተር ናቸው። አየር መንገድ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ዒላማው ቢ 1.1 ወይም ቢ 2 ነው።

ልምዱ እንዲህ ነው። ለቢ 1.1 እና ለቢ 2 ምንም የቴክኒክ ትምህርት ለሌለው 5 ዓመት፣ ተዛማጅ ሙያ የተማረ ተብሎ ለታመነበት 3 ዓመት፣ የኢያሳ ፓርት 147 ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ቤዚክ ኮርስ ለጨረሰ 2 ዓመት። ለኤ ካቴጎሪ በዚያው ቅደም ተከተል 3፣ 2 እና 1 ዓመት። ቤዚክ ኮርሱ ለቢ 1.1 እና ለቢ 2 ካቴጎሪ 2,400 ሰዓት ነው፣ ለኤ 1 ካቴጎሪ ደግሞ 800 ሰዓት። እዚህ ጋ ነው ሒሳብ የሚያስፈልገው፦ ኮርሱን የሚከፍል ሰው ገንዘብ አውጥቶ 3 ዓመት ልምድ ይቆጥባል፣ በራሱ አጥንቶ ሞጁል በሞጁል (ፈተናውን በየክፍሉ) የሚፈተን ሰው ደግሞ ዓመታት ሰጥቶ ገንዘብ ይቆጥባል። ሃንጋር ውስጥ ቀድሞ ሥራ ያለው ሰው የ5 ዓመቱ መንገድ ቢረዝምም እየተከፈለው ስለሆነ የሚያልፈው ለእሱ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሥራ የሌለው ደግሞ ልምዱን ከየትም ማምጣት ስለማይችል ኮርሱ ራሱ በር መክፈቻው ነው።

ፈተናው ለቢ 1.1 ካቴጎሪ 13 ሞጁል ነው፣ ከሒሳብና ፊዚክስ ጀምሮ እስከ ጋዝ ተርባይን ኢንጂንና ፕሮፔለር፣ ሞጁል 9 ሂዩማን ፋክተርስ፣ ሞጁል 10 የአቪዬሽን ሕግ። ማለፊያው 75 ከመቶ ነው። የወደቀ ሰው 90 ቀን መጠበቅ አለበት፣ ፓርት 147 ጋር ድጋሚ ስልጠና ከወሰደ 30 ቀን። ከመጀመሪያው ያለፈ ሞጁል ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ ሁሉም ማለቅ አለበት፤ ይሄ ረጅም ይመስላል ግን አራት አምስት ሞጁል አልፈው ሥራ በዝቶባቸው የተዉ ሰዎች ሳያስቡት የመጀመሪያዎቹ ይቃጠሉባቸዋል።

ላይሰንሱ ከመጣ በኋላም አላለቀም። ትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ታይፕ ሬቲንግ ያስፈልጋል፣ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ስልጠና አለው፣ በካቴጎሪው የመጀመሪያው ታይፕ ከሆነ ደግሞ የሥራ ላይ ስልጠናም ይጨመራል። ከዚያ የሚሠሩበት ፓርት 145 ድርጅት በራሱ የፈራሚነት ሥልጣን መስጠት አለበት፤ ላይሰንስ በ18 ዓመት ይወጣል፣ ለመፈረም ግን 21 መሙላት ያስፈልጋል። ላይሰንሱ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፣ እዚህም ባለፉት 2 ዓመታት ውስጥ 6 ወር መሥራት ግዴታ ነው። ታይፕ ሬቲንግ ውድ ስለሆነ በግል ከፍሎ መውሰድን አልመክርም፣ በተለይ የመጀመሪያውን፣ ምክንያቱም የሥራ ላይ ስልጠናውን የሚሰጥ ድርጅት ሳይኖር ኮርሱን ብቻ ጨርሶ መቀመጥ ይመጣል፣ የታይፕ ስልጠናው ደግሞ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ውስጥ የተወሰደ መሆን አለበት።

ኤ ኤንድ ፒ ያለው ሰው ወደ ፓርት 66 ሲመጣ የሚቀየር ነገር የለም፣ ሞጁሎቹን ይፈተናል፤ በተቃራኒውም እንደዚያው። የአሜሪካና የአውሮፓ ስምምነት የጥገና ድርጅቶችን ይመለከታል እንጂ የግለሰብ ላይሰንስ አይለውጥም።

## የእንግሊዙ ፓርት 66

ቅርጹ፣ ካቴጎሪው፣ ሞጁሉ ከአውሮፓው ጋር መንትያ ነው ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም እስከ 2020 መጨረሻ አንድ ነበሩ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን ተለያይተዋል፣ እንግሊዝ የሰጠችው ላይሰንስ አውሮፓ ውስጥ አይሠራም፣ እንግሊዝም የአውሮፓውን ስትቀበል የቆየችው እስከ 2022 መጨረሻ ነው። ያኔ ብዙ ኢንጂነሮች ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ላይሰንሳቸውን ወደ ሌላ አባል አገር አዛውረዋል። ዛሬ አዲስ ለሚጀምር ሰው ትርጉሙ ይሄ ነው፦ ፈተናችሁን የእንግሊዝ ፈቃድ ብቻ ባለው ትምህርት ቤት ከተፈተናችሁ ለአውሮፓ አይቆጠርላችሁም። ሁለቱም ፈቃድ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ሰርተፊኬቱ በየትኛው ፈቃድ እንደሚወጣ ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

## ያለ ላይሰንስስ?

ይቻላል። የኮምፖነንት ሾፕ፣ የኢንጂን ሾፕ፣ ኤን ዲ ቲ (ዕቃውን ሳይጎዱ ስንጥቅ የሚፈልግ ምርመራ) ላይ በድርጅቱ ሥልጣን የሚፈርሙ ሰዎች አሉ፣ አሜሪካም ሪፔርማን የሚባል ሰርተፊኬት አላት፣ 18 ወር ልምድና የአሠሪ ድጋፍ ይበቃዋል፣ ግን ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። አንድ ሙያ ላይ ጠልቆ መሥራት ለሚወድ ሰው የሚያሳፍር መንገድ አይደለም፣ መዘዋወር ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

## በአጭሩ በሠንጠረዥ

| | የአገር ላይሰንስ | ኤ ኤንድ ፒ | የአውሮፓ ቢ 1.1 / ቢ 2 | የእንግሊዝ ፓርት 66 |
|---|---|---|---|---|
| የት ያስፈርማል | የአገሩ ምዝገባ ላይ፣ በድርጅት ፈቃድ ሌላም | አሜሪካ የተመዘገበ | የኅብረቱ አገሮችና 4 ተጨማሪዎች | እንግሊዝ የተመዘገበ |
| ልምድ | ቢያንስ 4 ዓመት፣ በኮርስ 2 | 30 ወር ወይም ትምህርት ቤት | 5፣ 3 ወይም 2 ዓመት | ከአውሮፓው ጋር ተቀራራቢ |
| ፈተና | እንደ አገሩ | 3 ጽሑፍ፣ ቃልና ተግባር፣ 70% | ሞጁሎች፣ 75% | ሞጁሎች፣ 75% |
| የፈተና ጊዜ ገደብ | እንደ አገሩ | 24 ወር | 10 ዓመት | እንደ ባለሥልጣኑ |
| አቪዮኒክስ | እንደ አገሩ | ለብቻው የለም | ቢ 2 | ቢ 2 |
| ታይፕ ሬቲንግ | ብዙ ቦታ አለ | የለም | ለትልልቅ አውሮፕላን ግዴታ | ለትልልቅ አውሮፕላን ግዴታ |
| ያልፋል ወይ | እንደ አገሩ | አያልፍም | በ5 ዓመት ይታደሳል | በ5 ዓመት ይታደሳል |
| ወጪ የሚበዛበት | ስትወጡ መቀየሪያው | ጉዞና የተግባር ፈተና | ኮርስና ታይፕ ሬቲንግ | ኮርስና ታይፕ ሬቲንግ |

## ሎግቡኩ

የትኛውንም ብትመርጡ የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ ፈተናው ሳይሆን የልምድ ማስረጃው ነው። አንድ የሎግቡክ (የሥራ ልምድ መዝገብ) መስመር ላይ ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ታይፕና የምዝገባ ፊደል፣ የኤ ቲ ኤ ምዕራፍ (የአውሮፕላን ሲስተሞች የሚከፈሉበት መደበኛ ቁጥር)፣ የተሠራው ሥራ፣ የሥራ ትዕዛዙ ቁጥር፣ የተቆጣጠረው ሰው ፊርማና የላይሰንስ ቁጥር መኖር አለበት። "ኤ ቲ ኤ 32፣ ጎማ ቁጥር 3 ተቀየረ፣ ረድቻለሁ" ብሎ የተጻፈ ይቆጠራል፣ ግን መቶ ገጽ ሙሉ 32 ብቻ ከሆነ ባለሥልጣኑ ይመልሰዋል ምክንያቱም ሥራውን የሚወክል ስብጥር ነው የሚፈልገው፦ ሃይድሮሊክ 29፣ ፍላይት ኮንትሮል 27፣ ነዳጅ 28፣ ኢንጂን ከ71 እስከ 80 ያለው፣ ለቢ 2 ደግሞ ኤሌክትሪካል 24፣ ኮሚዩኒኬሽን 23፣ ናቪጌሽን 34። በዚያው ሳምንት አስፈርሙ። ሱፐርቫይዘሩ ድርጅቱን ከለቀቀ በኋላ ፊርማ ፍለጋ መሄድ ከባድ ነው፣ ድርጅቱ ከተዘጋ ደግሞ የማይቻል ይሆናል።

## ለማን የቱ

ገና ተማሪ ሆናችሁ ገንዘቡም ከሌለ፣ ባላችሁበት አገር አየር መንገድ ወይም የጥገና ድርጅት ውስጥ ግቡ፣ የአገሩን ላይሰንስ ያዙ፣ ጎን ለጎን የፓርት 66 ሞጁሎችን አንድ በአንድ ተፈተኑ። እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይሄንን ነው፣ ዝግ ያለ ቢሆንም በየደረጃው እጃችሁ ላይ የሚቀር ነገር አለ። በከባዶቹ ሞጁሎች ጀምሩ፣ በ11 (የአውሮፕላን ስትራክቸርና ሲስተሞች)፣ በ15 (ጋዝ ተርባይን ኢንጂን) እና በ7 (የጥገና አሠራር)፣ እነሱን ሥራ ላይ እያያችሁ ስለምታጠኑ ይቀልሏችኋል፣ ሒሳብና ፊዚክስን ደግሞ ከትምህርት ቤት ትዝታው ሳይጠፋ ተፈተኑ።

ቤተሰብ መክፈል የሚችልላችሁ ከሆነ ሙሉው ፓርት 147 ኮርስ ጥሩ ነው፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት "በኢያሳ ስታንዳርድ እናስተምራለን" የሚለውና "የኢያሳ ፓርት 147 ፈቃድ አለን" የሚለው የተለያዩ መሆናቸውን እወቁ። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ፣ በሰጪው ባለሥልጣን ዝርዝር ላይ ፈልጉት፣ የምትማሩበት ቅርንጫፍና የምትማሩት ካቴጎሪ ፈቃዱ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ከኮርሱ በኋላ የ2 ዓመቱን ልምድ የት እንደምትሠሩም አሁኑኑ ጠይቁ፣ ትምህርት ቤቱ መልስ ከሌለው ሌላ ትምህርት ቤት እዩ።

አሜሪካ የመኖር ወይም የመሥራት መብት ካላችሁ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፣ ኤ ኤንድ ፒ ነው። አሜሪካ ለመሄድ ምንም ዕቅድ ከሌላችሁና የምትሠሩበት ድርጅትም አሜሪካ የተመዘገበ አውሮፕላን ካልያዘ ግን ለሲቪ ጌጥ ብላችሁ አትድከሙ።

በኮንትራት ከአገር አገር እየተዘዋወራችሁ መሥራት የምትፈልጉ፣ የአውሮፓው ቢ 1.1 ወይም ቢ 2 ብዙ በር ይከፍትላችኋል፣ ቀጣሪው ግን መጀመሪያ የሚያየው ታይፕ ሬቲንጋችሁንና የቅርብ ጊዜ ልምዳችሁን ነው። ኤሌክትሮኒክስ ላይ ጎበዝ ከሆናችሁ ሰው ሁሉ ቢ 1 ስላለ ብላችሁ ቢ 2ን አትተዉት፤ ሄሊኮፕተር ላይ ያላችሁ ደግሞ ዒላማችሁ ቢ 1.3 ነው፣ ቢ 1.1 ይዛችሁ ሄሊኮፕተር አትፈርሙም።

ከአየር ኃይል የመጣችሁ፣ ልምዳችሁ ሁለቱም ጋ ዋጋ አለው፣ አውሮፓ ላይ ግን ተጨማሪ የሲቪል ጥገና ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት የሠራችሁትን ሥራ በአውሮፕላን ታይፕና በሲስተም የሚዘረዝር ደብዳቤ አስጽፉ፣ "በቴክኒሺያንነት አገልግሏል" የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለበት ደብዳቤ የትኛውም ባለሥልጣን ፊት አይቆምላችሁም።